ትንፋሽ በውክልና

ስልኩ ሲጮህ ጥጋቡ ከተሳቢው ጎን ተንበርክኮ የኋላ ጎማዎቹን በመዶሻ እየመታ ያዳምጥ ነበር። አንደኛው ጎማ የደከመ ድምፅ ስለሰጠው ጎሚስታው ብሎኑን መፍታት ጀምሯል። ሎጊያ ገና በማለዳው ግላለች፤ ከጅቡቲ የሚመጡና ወደ ጅቡቲ የሚወርዱ ከባድ መኪናዎች አስፋልቱን ግራና ቀኝ ይዘው ተሰልፈዋል። ጥጋቡ ጉልበቱን ይዞ ተነሳ፤ ትንፋሹን እስኪሰበስብ ስልኩን ዝም ብሎ አስጮኸው፤ ከዚያ ስሙን አየ። ሐያት ነበረች፣ የሰመራ ሆስፒታል የደረት ክፍል ነርስ።

"ጋሽ ጥጋቡ፣ እንዴት አደሩ? የት ነው ያሉት?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ። ቤት ነኝ። አዋሽ።"

ጎሚስታው ይህን የሰማ ይመስል ብረት በብረት መደብደብ ያዘ።

"ምንድን ነው የሚንኳኳው?"

"ጎረቤት ቤት እየሠራ ነው።"

"እሺ፣ ይስሙኝ። ከንጋት ጀምሮ ደጋግመው ነፍተዋል። ሁሉም ቀይ ነው። ትናንትም ቀይ ነበር፤ የዛሬው ግን በጣም ወርዷል። ትንፋሽ እያጠረዎት ነው አይደል?"

"እ… ትንሽ።"

"ድምፅዎ ግን ደህና ነው።" አለች ሐያት። "ብቻ በድምፅ አልተማመንም። እንዲህ ያለ ቁጥር ያመጣ ሰው ቤት አይቀመጥም። ለጤና ጣቢያው ደውያለሁ፣ አምቡላንስ እየላኩ ነው። እንዳይወጡ፣ ጋሽ ጥጋቡ። እንዳይተኙም፤ ተቀምጠው ይጠብቁ።"

ስልኩ ተዘጋ። ጥጋቡ መዶሻውን እንደያዘ ፀሐይ ላይ ቆሞ ቀረ። ሐያት ያለችበት ሰመራ የሎጊያ ጎረቤት ናት፤ በባጃጅ ሻይ ሳይበርድ ይደረሳል። ሰው የሚፈለግበት አዋሽ ግን ለከባድ መኪና የቀን መንገድ ነው። ለመሆኑ አምቡላንሱ ማንን ሊወስድ ነው የሚሄደው?

ነገሩ እንዲህ ነበር። ጥጋቡ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ በዚህ መንገድ ላይ ነው ያረጀው። ናፍጣውን፣ አቧራውን፣ በኋላ የተወውን ሲጋራ ሁሉ ደረቱ አጠራቅሞ ይዞለታል። ባለፈው ዓመት ዳገት ላይ ሳል አፍኖት መኪናውን ዳር አስይዞ ተዘርሮ ነበር፤ ያየ ሰው ለባለንብረቱ ለባንተይርጋ ነገረው። ባንተይርጋ አዳማ ተቀምጦ መኪናዎቹን በስልክ የሚነዳ ሰው ነው። "የጤና ወረቀት አምጣ፣ ያለዚያ ቁልፉን አምጣ" አለው። የሰመራው ሐኪም ደግሞ ወረቀቱን አልከለከለም፣ አልሰጠምም። "አንድ ወር ጠዋትና ማታ ትንፋሽዎን ይንፉልን፤ ደህና ከሆነ እፈርማለሁ፣ ካልሆነ መጀመሪያ እንታከማለን" ብሎ የሳል መድኃኒት አዘዘለት፤ አንዲት ዕቃም ከትንሽ ስልክ ጋር ሰጠው።

ዕቃዋ የትራፊክ ፖሊስ ፊሽካ ታክላለች፤ ጥጋቡም ስሟን ፊሽካ አለው። ሲነፉባት ቁጥሩ በስልኩ ላይ ይወጣል፤ በዚያው ቅጽበት ሰመራ ሐያት ዘንድ ይደርሳል። አረንጓዴ ደህና፣ ቢጫ ተጠንቀቅ፣ ቀይ አደጋ ነው። ይህን ለሹፌር ማስረዳት አያስፈልግም። ሐያት "ሥራዋ እርስዎን መጠበቅ ነው" ስትለው ግን ጥጋቡ በሆዱ ሳቀ። ስለ ሰው ከኋላው የሚያወራ መሣሪያ ለእሱ አዲስ አይደለም። ባንተይርጋ ከጥቂት ዓመት በፊት ረዳቱን አውርዶ በምትኩ ጂፒኤስ አስገጥሟል። ረዳቱ ቢያንስ ጎማ ይቀይር ነበር፤ ጂፒኤሱ ግን ሰው ለሽንት በወረደ ቁጥር ማሳበቅ ነው ሥራው።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ራሱ ነፋ። ቢጫ ሆነ፤ በማግስቱም ቢጫ፣ ከዚያም ወደ ቀይ ያዘነበለ ቢጫ። ጭንቀቱን ለጓደኛው ለደግነት ነገረው። ደግነት በዚሁ መስመር የሚሠራ፣ ደረቱ ሰፊ፣ ሳቁ ከመኪናው ጥሩንባ የማያንስ ሹፌር ነው።

"ጂፒኤስ ስንሸውድ የኖርን ሰዎች ፊሽካ ያቅተናል?" አለው። "ቤትህ ጤነኛ ሰው የለም?"

ነበረ። ውባንች ነበረች። የጥጋቡ ሚስት በሕይወቷ ለመታመም ጊዜ አግኝታ አታውቅም። አዋሽ ከቤታቸው ጀርባ በቆርቆሮ በተሠራች ማድቤት ውስጥ በእንጨትና በከሰል ጥብስና ፍርፍር እየሠራች አላፊ አግዳሚ ሹፌር ትመግባለች። መጀመሪያ "የሰው ትንፋሽ በሰው ስም ይላካል እንዴ? ኃጢአት አይሆንም?" ብላ አንገራግራ ነበር። መኪናው ከሄደ ቤቱም እንደሚጎድል ስለምታውቅ ግን ተቀበለችው። ነፋች። አረንጓዴ ሆነ።

ይባስ ብላ ወደደችው። ስልኩ ውስጥ የተቀዳች ሴት አለች፤ ድምጿ እንደ ማር ነው። "ይንፉ! በርቱ! ትንሽ ይጨምሩ! ጎበዝ ነዎት!" ትላለች። ውባንች በየማታው ከእሷ ጋር ትስቃለች።

"ካንተ ጋር ይህን ሁሉ ዓመት ስኖር ጎበዝ ነሽ ያልከኝ ቀን ትዝ አይለኝም" አለችው። "ይቺ ግን አንቱ ብላ ነው የምታመሰግነኝ።"

መኪና በውክልና ይሸጣል፣ ቤት በውክልና ይሸጣል፤ ጥጋቡ ትንፋሹን በውክልና ሰጠና ፊሽካዋን ከነስልኳ ለሚስቱ ትቶ መንገዱን ወጣ። ወሩ የሚሞላው በዚህ ሐሙስ ነው። ዛሬ ማክሰኞ ማዳበሪያ ጭኖ ከጅቡቲ እየተመለሰ፣ ቀይ ነህ ተባለ።

ሹፌሮች ሻይ ላይ የሚደጋግሟት ቀልድ አለች። አንዱ ሽንትህን አስመርምር ሲባል ፈርቶ የሚስቱን ሽንት ይዞ ይሄድና "እንኳን ደስ ያለህ፣ ነፍሰ ጡር ነህ" ይሉታል። ጥጋቡ በዚህች ቀልድ ስንት ጊዜ እንደሳቀ ራሱም አያውቅም። አሁን ትዝ ስትለው ቤቱ ደወለ። አላነሳችም። ደግሞ ደወለ።

"አ…ቤት።"

"ውቤ! ምን ሆነሻል?"

"ምንም… አልሆንኩም። ጉንፋን… ነው።"

አንድ ቃል ትናገርና ታርፋለች። ጥጋቡ ይህን አነጋገር ያውቀዋል፤ የራሱ ነው። ከእሷ አፍ ሰምቶት ግን አያውቅም።

"ፊሽካውን ስንት ጊዜ ነው የነፋሽው?"

"አወቁ እንዴ?" አለች ደንግጣ። "ቀይ ሆነብኝ… ላጠፋው ብዬ ነው። ባረፍኩ ቁጥር… ስነፋ ስነፋ… አረንጓዴ ይመጣል ብዬ። ሐሙስ ወረቀትህን… እንዳላበላሽብህ።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው ቀይ የሆነው?"

"ቀዩ የሰሞኑን ነው። ቢጫው… ቆይቷል።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"መንገድ ላይ ነህ… ምን ብዬ ላስጨንቅህ?"

ጥጋቡ ጎማው ላይ ተደገፈ። "ስሚኝ። አሁን አምቡላንስ ይመጣል። ግቢበት።"

"ለኔ ነው የሚመጣው?"

"ለ… ለኔ ነው።"

"ታዲያ እኔ… ምን ብዬ ነው የምገባው?"

"ጉንፋን ይዞኛል በያቸው" አለ፤ እንዳለውም አፈረበት። ስልኩ ተቋረጠ።

ደግነት ከጎሚስታው ቤት ጥላ ሥር ካርቶን አንጥፎ ተጋድሞ ነበር። መኪናው ተበላሽቶበት ከአዳማ መለዋወጫ እስኪመጣለት ሎጊያ ከተቀመጠ ሰንብቷል። ወሬውን ሰምቶ ብድግ አለ፤ እንደ ልማዱ አልሳቀም።

"አትቸኩል" አለው። "ነገሩን ለያይተህ እየው። ሚስትህ ጉንፋን ይዟታል፤ ጎረቤት ይዟት ሐኪም ቤት ይሂድ። ያንተ ወረቀት ሌላ ጉዳይ ነው። እስከ ሐሙስ ዝም ማለት ያቅትሃል? ለነርሷ 'ሲነጋ ታፍኜ ነበር፣ አሁን ተሽሎኛል' በላት። ያለፈው አረንጓዴ ይበቃሃል።"

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ጥጋቡ የደግነትን ነገር ማመን ፈለገ። በዚህ ዕድሜው ቁልፍ አስረክቦ ቤት ሊቀመጥ፣ ሚስቱ የምታበስልለትን ሹፌር ሁሉ በር ላይ ሆኖ "ከየት ነው?" እያለ ሊጠይቅ ነው? ጉንፋን ነው ብላለች እኮ ራሷ። ጉንፋን ደግሞ ማን ይሞትበታል?

ይህን እያሰበ እያለ ዙሌይካ ደወለች። ዙሌይካ አዋሽ ግድግዳ የሚጋሩት ጎረቤታቸው ናት፤ ሰበብ ካላገኘች የማትደውል ቆጣቢ ሴት።

"ጋሼ፣ አሁን ያየሁትን ነው የምነግርህ፣ ወላሂ። አምቡላንስ መጥቶ ነበር። 'አቶ ጥጋቡ የት አሉ?' አሉ። ውቢት በሩን በሁለት እጇ ይዛ 'የለም፣ ተሽሎት ወጥቷል' ብላ መለሰቻቸው!"

"መለሰቻቸው?"

"መለሰቻቸው። መኪናው ሲሄድ ደጃፉ ላይ ዘጭ አለች፤ ይኸው መነሳት አቅቷታል። ከንፈሯ አላማረኝም፣ ጋሼ፤ ጠቁሯል። በባጃጅ ልውሰድሽ ብላት 'ጥጋቡን አስበላዋለሁ' ትላለች። ምንድን ነው እሱ? ሰው ትንፋሽ አጥሮት ማንን ያስበላል?"

ጥጋቡ ፈራ። ፍሬን የተበጠሰበት መኪና ይዞ ቁልቁለት የወረደ ሰው ነው፤ ያን ጊዜ እንኳ እንዲህ አልፈራም። ያን ጊዜ መሪው በእጁ ነበር። አሁን ግን ሚስቱ እሱ ያስተማራትን ውሸት ለእሱ ስትል ደጃፍ ላይ ተቀምጣ እየጠበቀችለት ነው። ጤና ጣቢያ ብትሄድ እንኳ አንዲት ጉንፋን የያዛት ሴት ናት፤ አፏን ሞልታ አትናገርም። የወር ትንፋሿ፣ መውረዱ፣ የዛሬው ቀይ፣ ሁሉም የተጻፈው በጥጋቡ ስም ነው። እሱ ካልተናገረ እሷ በሽተኛ አይደለችም።

ሐያት ዘንድ ደወለ። ተይዟል። ደገመ። አሁንም ተይዟል። ያለፈ ባጃጅ በእጁ አስቆመና ዘሎ ገባ።

"ወዴት ነው?" አለ ደግነት ካርቶኑ ላይ ቆሞ። "ወረቀቱስ?"

"ወረቀቱ ገደል ይግባ!"

የደረት ክፍሉ በር ላይ አንድ የአፋር ሽማግሌ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው ተቀምጠዋል። ያቺን ዓይነት ፊሽካ እንደ ክታብ ባንገታቸው አንጠልጥለዋል። ጥጋቡ የበሩን መቃን ይዞ ሲያለከልክ ሐያት ስልክ ጆሮዋ ላይ እንደለጠፈች ብቅ አለች። አየችው፤ እጇ ቀስ ብሎ ወረደ።

"ጋሽ ጥጋቡ? አምቡላንሱ 'ተሽሎት ወጥቷል' አለኝ እኮ። ምን… ከአዋሽ በአውሮፕላን ነው የመጡት?"

"የምነፋው እኔ አይደለሁም" አለ ጥጋቡ። "ባለቤቴ ናት። ቀዩ የሷ ነው። አምቡላንሱን የመለሰችውም እሷ ናት፤ እኔን ላለማጋለጥ። አሁን መነሳት አቅቷታል።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ፊሽካዋን ከወሰድኩ ሳምንት ሳይሞላኝ።"

"አረንጓዴውም?"

"አረንጓዴውም።"

ሐያት የምትለው ብዙ ነበር፤ ፊቷ ላይ ተራ በተራ መጥቶ ሄደ። አንዱንም ሳትናገር ስልኩን መልሳ ጆሮዋ ላይ አደረገች።

"አምቡላንሱን መልሱት፤ እዚያው ቤት። በሽተኛዋ ሴት ናት፣ ውባንች ትባላለች። አዎ፣ ሴት ናት! የላክሁላችሁ ቁጥር በሙሉ የሷ ነው። ኦክስጅን አዘጋጁ።" ወደ ጥጋቡ ዞረች። "እርስዎ ደግሞ ይደውሉላት። ዛሬ ሁለተኛ 'የለም' ብላ እንዳትመልስብኝ።"

ጥጋቡ ዙሌይካ ስልክ ላይ ደወለና ሚስቴን አቅርቢልኝ አለ።

"ውቤ፣ ነግሬያቸዋለሁ። ለአንቺ ነው የሚመጣው አሁን። ግቢ።"

"ነገርካቸው?" ከቃሉ ይልቅ ትንፋሿ ነው የሚሰማው። "ወረቀቱስ… የወር ድካሜ…"

"ግቢ አልኩሽ!" ብሎ ጮኸ፤ በኮሪደሩ ያለ ሰው ሁሉ ዞረ። ከዚያ ድምፁ ወረደ። "እባክሽ፣ ውቤ። እባክሽን።"

ቀጥሎ መጠበቅ ሆነ። ጥጋቡ አግዳሚው ላይ ከሽማግሌው ጎን ተቀመጠ። ሽማግሌው ምን ወሬ እንዳለ ጠየቁት፤ እሱም ለማያውቀው ሰው ሁሉንም ነገራቸው። አንገታቸውን እየነቀነቁ አዳመጡት።

"እኔም ይህችን ነገር ወድጄ አይደለም የምነፋት" አሉ ፊሽካቸውን ይዘው። "ካልነፋሁ ይህች ልጅ ትደውላለች። ስልኩ ሲጮህ ፍየሎቹ ይበረግጋሉ፣ ቀኑን ሙሉ እነሱን ስሰበስብ እውላለሁ። ብነፋ ይሻላል።"

ጥጋቡ ሳይፈልግ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ሳሉም አልቆም ብሎ አስጎነበሰው። ቀና ሲል ስልኩ እየጮኸ ነበር።

"ገብታለች፣ አልሐምዱሊላህ" አለች ዙሌይካ። "አፍንጫዋ ላይ ቱቦ አድርገውላታል። ጭስ ጭስ የሚል መድኃኒትም አስማጓት። ከንፈሯ መለስ ብሏል። ሐኪሙ 'ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ' ብሎ አቋረጠው፣ አልጨረሰውም። ታድራለች ተብሏል። አሁን አትናገሪ ቢሏት በእጇ ስለ አንድ ወረቀት ትጠይቀኛለች፣ ጋሼ። የምን ወረቀት ነው?"

"የለም በያት" አለ ጥጋቡ። "ወረቀት የሚባል ነገር የለም።" ስልኩን ዘጋና አለቀሰ። ሽማግሌው ወደ ሌላ ቦታ እያዩ ዱላቸውን ከጉልበታቸው ወደ ትከሻቸው አዛወሩ።

ሐያት ክፍሏ አስገብታ የኮምፒውተሯን ገጽ አዞረችለት። ነጠብጣቦቹ ከግራ አረንጓዴ ሆነው ይጀምሩና እየወረዱ ቢጫ ይሆናሉ፤ ጥጉ ላይ የዛሬዎቹ ቀዮች ተደራርበው ተከምረዋል።

"በየቀኑ አየዋለሁ እኮ" አለች። "መውረድ ሲጀምር መድኃኒት እየዘለሉ መስሎኝ ደወልኩልዎት። 'አንድም ቀን አልዘለልኩም' አሉኝ።"

"እሱ እውነት ነው። አልዘለልኩም። እሷ ግን ቀኑን ሙሉ ማድቤት ጭስ ውስጥ ናት።"

"ስንት ዓመት ነው ጭስ ውስጥ የምትሠራው?"

"ልጃችን ሄዋን ሳትወለድ ነው የጀመረችው። ሄዋን ዛሬ አዳማ ወልዳ ከብዳለች።"

"በዚህ ሁሉ ዓመት ደረቷን ያዳመጠላት ሰው የለም?"

"ማን ያዳምጣታል?" አለ ጥጋቡ። "ቤታችን ውስጥ የማስለው እኔ ነኝ።" ነጠብጣቦቹን እንደገና አየ። "ግን… ባላስነፋት ኖሮ ይህን ማን ያውቅ ነበር?"

"እንደሱ ብለው አይጽናኑ፣ ጋሽ ጥጋቡ" አለች ሐያት ኮስተር ብላ። "ዛሬ ባይመጡ ኖሮ እኔ እርስዎን ሳሳድድ እሷ ደጃፍ ላይ ትቀር ነበር።"

ልክ ነበረች።

ሐያት ከመደርደሪያው ሌላ ፊሽካ ከነስልኩ አወጣች። "የወሩን በሙሉ ወደ ስሟ አዛውረዋለሁ፤ ሐኪሞቿ ይፈልጉታል። ለእርስዎ ሐሙስ ለዶክተሩ የማሳየው አይኖረኝም። ከፈለጉ ግን ወሩ ከዛሬ ይጀምራል። ይህቺን አንድ እናት 'ትንፋሼን አላህ ይቆጥረዋል' ብለው መልሰውልኛል። እርስዎም አልፈልግም ካሉ አላስገድድዎትም። አንድ ነገር ብቻ፦ ሲስሉ ሰምቼዎታለሁ፣ ዛሬ መሪ አይያዙ።"

ጥጋቡ ፊሽካዋን ተቀብሎ ደረት ኪሱ ከተተ። ይንፋት አይንፋት ገና አላወቀም። ሰው የሰጠውን በእጁ ላይ ማስቀረት ነውር ስለሆነ ነው የተቀበለው።

ከበሩ ሳይወጣ ባንተይርጋ ደወለ።

"መኪናው ሎጊያ ምን ይሠራል? ከጠዋት ጀምሮ ቆሟል እኮ!"

"ጎማ ነበር፤ አልቋል። ደግነት እስከ አዋሽ ይነዳዋል፣ እኔ ከጎኑ እቀመጣለሁ። ባለቤቴ ታማለች።"

"እግዜር ይማርልህ። ወረቀቱ ሐሙስ ነው አይደል?"

"ወረቀት የለኝም። ምናልባት ከአንድ ወር በኋላ። እሱም ከተገኘ።"

"እንግዲህ ጥጋቡ፣ ሠርተህልኛል፣ አልክድም። ግን ወር ሙሉ መኪና አቁሜ አልጠብቅም። ሰው እፈልጋለሁ።"

"ፈልግ" አለ ጥጋቡ።

ደግነት ቁልፉን ሲቀበለው አልቀለደም። ጥጋቡ ጋቢናውን ዞሮ በረዳት በኩል ወጣ። ከዚያ በኩል ወጥቶ አያውቅም ነበርና መያዣው የት እንዳለ እጁ አጣው። መኪናው ተንቀሳቅሶ ሎጊያን ለቀቀ። ሜዳው ጥቁር ድንጋዩን ግራና ቀኝ እየዘረጋ ይቀበላቸው ጀመር። ዙሌይካ ሁለቴ ደወለች፤ ውባንች ሾርባ ጠጥታለች፣ ኦክስጅኑን ቀንሰውላታል፣ ተኝታለች። ጥጋቡ በየጊዜው እግሩ ሳያውቀው ፍሬን ይፈልጋል፤ ደግነት አይቶ እንዳላየ ያልፋል።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሚሌን አልፈው ሲወጡ ከጥጋቡ ኪስ ያቺ የማር ድምፅ ተናገረች።

"ሰዓትዎ ደርሷል። እባክዎ ይንፉ።"

ስልኩ እንደገና አለ። ደግነት አንድ እጁን ከመሪው አንስቶ ዘረጋ።

"ወዲህ በለኝ። ይህ ሳንባ እንደ ጎሚስታ ኮምፕሬሰር ነው፤ ታውቀዋለህ። ወር ሙሉ አረንጓዴ በአረንጓዴ አደርግልሃለሁ። ባንተይርጋ የትም አይሄድም፣ ወረቀትህን ሲያይ ራሱ ይደውልልሃል። ማን ያውቃል? እኔ ታምሜ አላውቅ።"

እውነቱን ለመናገር ጥጋቡ አሰበበት። የተዘረጋውን እጅ አየ፤ ከእጁ ባሻገር ያለውን መሪ አየ፤ ላቡ ያሳሳውን የመሪውን ሽፋን አየ። ፊሽካዋን ከኪሱ አወጣና አፏን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ መልሶ፣ ያለውን ትንፋሽ ሁሉ ሰብስቦ፣ ደረቱ እስኪያፏጭ ድረስ ነፋባት። ሳሉ መጥቶ ያዘው። ስልኩ ጭኑ ላይ በራ።

ደግነት ከመንገዱ ላይ ዓይኑን ሰረቅ አድርጎ አየው።

"ቢጫ ነው" አለ።

"የኔ ነው" አለ ጥጋቡ።